ተራው የይሻው ነው

ይሻው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ደረደረና በሲባጎ አሰረው። ለራሱ አንድ ብቻ አስቀረ። ሚስቱ ፈንታነሽ ካረፈች ወዲህ ከአንድ በላይ አላስፈለገውም፤ ጠረጴዛው አጠገብ የቀረችውም አንዲት ወንበር ናት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ስለነበር የማይሠራበትን ዕቃ ከፊቱ ማንሳት ልማዱ ነው።

ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ቤት አቀና። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮውን ይቆረጥመዋል። ዛሬ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር እሷ ቤት ነው፤ የሚቀጥለው ወር ተራ ደግሞ የእሱ። ብርጭቆዎቹን ለማኅበሩ ሰጥቶ ሊሰናበት ቆርጧል። የሚናገረውንም መንገድ ለመንገድ አጠናው።

"ጋሽ ይሻው፣ ቤት ሊለቁ ነው?" አለ ባጃጅ ነጂው ቢሆነኝ በር ላይ ካርቶኑን እየተቀበለው። "ወይስ ጥሎሽ ነው?"

"ዝም በል አንተ ባለጌ!" አለች ዝናሽ ከውስጥ። "ግባ ይሻው፣ ብርድ ላይ አትቁም።"

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞረ። ሰው ስለ ስንዴ አጨዳው ያወጋል። ይሻው ጥግ ይዞ ሲያዳምጥ ቆየና ተነሣ።

"ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ። ከእንግዲህ ከማኅበሩ መውጣቴ ነው። የፈንታነሽን ብርጭቆዎች አምጥቻለሁ።"



"ታመሃል?" አሉ ቄስ ሙላቴ።

"አልታመምኩም አባ።"

"ተቀይመኸናል?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። "ጠላ መጥመቅ አልችልም" አለ። "ደስታም የለኝም አባ። ሰው ጠርቶ ፊትን አጥቁሮ መቀመጥ ነውር ነው።"

ቄስ ሙላቴ እሳቸውም ባለቤታቸውን ቀብረዋል። "እኔስ ከቀብሯ በኋላ ቅዳሴ የገባሁት ደስ ብሎኝ መሰለህ? እግሬን እየጎተትኩ ነው። እግዚአብሔር ደስ ሲላችሁ ብቻ ኑ አላለንም። አንተ በርህን ክፈት፤ ደስታውን እሱ ያመጣዋል፣ አርፍዶም ቢሆን።"

"ጠላው እንቢ ካለ ውሃ እንጠጣለን" አለ ቢሆነኝ። "ጋሽ ይሻው እንደሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ሲለኩ ነው የኖሩት!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሻውም ሳያስበው ፈገግ አለ።

ዝናሽ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዛ ፊቱ ቆማለች። "ትቀበለኛለህ ወይስ ቆሜ ልደር?"

ጽዋውን ሁልጊዜ የምትቀበለው ፈንታነሽ ነበረች፤ እሱ ከኋላዋ ይቆማል። አሁን ከፊቱ ማንም የለም። መዳፉን በጋቢው ጠረገና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እትዬ ዝናሽ፣" አለ ጽዋውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ "የሚቀድመው ጌሾው ነው ብቅሉ?"

"መጥቼ አሳይሃለሁ። ጋኑን ግን አንተው ታጥባለህ!"

ሲወጡ ቢሆነኝ በር ሥር ወዳለው ካርቶን ጠቆመ። "ይሄስ? እዚሁ ይቅር?"

ይሻው ጎንበስ ብሎ የካርቶኑን ሲባጎ አጠበቀ።

"ባጃጅህ ላይ ጫንልኝ" አለ። "ቀስ ብለህ ንዳ፤ እንዳይሰበሩ።"