ቀለም ሳልነፋ የበራው መስመር

በእኛ ሙያ ሥራ የሚጀመረው ቁጭ በማለት ነው። ለሰነፍ የተፈጠረ ሙያ ነው እያለ ብሎን የምለው የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ ያሾፍብኛል። ጥቁሩን ድንኳን ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ተክለን፣ ከሞተሩ የወጣውን ብረት ጠረጴዛ ላይ አጋድመን፣ እኔ ገብቼ መጋረጃውን ከዘጋሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም አልሠራም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ እጠብቃለሁ። ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሃንጋሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ወለሉ ያብረቀርቃል። እኔ ግን የራሴን ጨለማ በሻንጣ ይዤ እዞራለሁ።

ብሎን መካኒክ ነው። ድንኳኑን የሚተክልልኝ፣ ብረቱንም ፈቶ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። አጭርና ድፍን ያለ ሰው ነው፤ አንዴ ከያዘው ነገር በቀላሉ አይላቀቅም፤ ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ በጨለማ ስለማይ ድመት ይለኛል። በዚህ ስንጥቅ የመፈለግ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አመሏ ክፉ ነው ብለው ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። የተጠረገ ብረት በባዶ እጁ ነክቶ የጣቱን ወዝ የተወብኝን ሰው ቀኑን ሙሉ አልለቀውም።

ሥራው ራሱ ሲያዩት ቀላል ነው። ብረቱ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ከጣሳ ቀለም ይነፋበታል። ቀለሙ የሰው ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ውስጡ ሰርጎ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ከላይ የቀረውን እጠርግና ነጭ ዱቄት እነፋበታለሁ። ዱቄቱ የተደበቀውን ቀለም መጥጦ ያወጣዋል። ወይን ጠጅ መብራቴን ሳበራበት ስንጥቁ እንደ እንጭጭ ሎሚ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ምንም ካልታየ ማህተሜን የምርመራ ካርዱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ብረቱም ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

የዚያን ቀን የመጣልኝ አንድ ብሌድ ነበር፤ ሞተሩ ፊት ላይ እንደ ትልቅ ማራገቢያ ከሚሽከረከሩት ምላጮች አንዱ። ወፍ መትቶት ጫፉ ስለተጫረ ነው ያወጡት። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ገብቼ ዘጋሁ። አምስት ደቂቃዬን ተቀመጥኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ፣ ቀለም ከመንፋቴ በፊት፣ መብራቱን በባዶው ብረት ላይ አሳለፍኩ። ዘይት ወይም የጨርቅ ክር ቀርቶ እንደሆነ እሱም ስለሚበራ ያታልላል፤ አስቀድሜ ማየት እወዳለሁ።

ከብሌዱ እግር ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት በኩል፣ አንድ ቀጭን መስመር በርቶ ነበር።

ክር መስሎኝ በጓንቴ ጠረግኩት፤ አልሄደም። ጨርቁን በማጠቢያው አርሼ ደህና አድርጌ ፈተግኩት፤ ጠፋ። በየትኛው ቆሻሻ ጨርቅ ነው የጠረገው ብዬ ብሎንን ልሰድብ አፌን ስከፍት ተመልሶ መጣ። ቀስ ብሎ፣ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው፣ እዚያው ቦታ ላይ። ደግሜ ጠረግኩት። ደግሞ መጣ። ርዝመቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል።

ዘወር ብዬ ጣሳዎቹን አየሁ። የቀለሙ ጣሳ አዲስ ነው፤ ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ብረት በራሱ አይበራም፤ ቀለም ሳይጠጣ ቀለም አይተፋም።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ብሎን የብሌዱን ካርድ እንዲያቀብለኝ ጠየቅኩት። ምን አገኘሽ አለኝ፤ ምንም አልኩት። ብሌዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር በፊት ነው። ያኔ የተነፋበት ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ ደርቆ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። ስንጥቁ ያኔም ነበረ። ከሥር ደህና ነው የሚል ማህተም አርፎበታል። ቁጥሩን አየሁት፤ የእኔ ነው።

ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ቀን አነበብኩ። እህቴን ቀብሬ ሥራ የተመለስኩበት ሰሞን ነበር።

ታናሼ ናት። ሕመሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ስለነበረ በመጨረሻዎቹ ወራት ብርሃን አትችልም ነበር። እናታችን መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለችበት፤ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ሆነ። እኔ ከሥራ ስመለስ አጠገቧ በጨለማ እቀመጣለሁ፤ እሷ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ትጠይቀኛለች።

“አለሽ?”

አለሁ እላታለሁ። ዝም ትልና እንደገና ትጠይቀኛለች። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ፣ ተሰላችቼም፣ ሆን ብዬ ዘግይቼ እመልስላት ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሞተችው በቀትር፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። እናታችን እንደነገረችኝ እህቴ ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ እኔን ስትጠይቅ ነው የዋለችው፤ እናታችን ድምፄን አስመስላ “አለሁ” እያለች ስትመልስላት ዋለች። እህቴ አልተሸወደችም። “አንቺ አይደለሽም” አለቻት፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ። ገብቼ ዘጋሁ፣ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ እገምታለሁ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ ድረስ፣ “አለሽ?” አለችኝ። መጋረጃውን ልቀደው ምንም አልቀረኝም። ለብሎን ሙቀቱ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል በጨለማ ቁጭ አላልኩም። ከፀሐይ እገባለሁ፣ መብራቴን ወዲያው አበራለሁ፣ አያለሁ፣ ማህተሜን አሳርፌ እወጣለሁ። ከፀሐይ የገባ ዓይን ድንኳን ውስጥ የዕውር ያህል ነው፤ ይህን ለጀማሪ ሁሉ የማስተምረው እኔው ነኝ። በኋላ አንድ ቀን በራሴ በጣም ተናድጄ ገባሁና ተቀመጥኩ። ስትጠይቀኝ “አለሁ” ብዬ መለስኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ እመልስላታለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ለምደነዋል።

እንግዲህ ያንን ብሌድ አጠገቤ አጋድሜ የማስበው ይህን ነበር። ጣሳውን አነሳሁት። አንዴ ብነፋ ያለቀለት ነገር ነው። አሮጌው ቀለም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ስንጥቅ አገኘሁ ብዬ እወጣለሁ፣ አለቃችን ጀርባዬን ቸብ ያደርጉኛል፣ ብሌዱ ይጣላል። ማን ተጎዳ? ሆድ ይፍጀው። ግን በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ማህተሜ ያረፈው በዚህ ብሌድ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ከነፋሁበት ስንጥቁ አዲስ ይመስላል፤ እነሱን የሚፈልጋቸው ሰው አይኖርም።

ክዳኑን ነቀልኩት። ይህን አልደብቅም፤ ነቀልኩት፣ ጣቴም መንፊያው ላይ አርፎ ነበር።

“አለሽ?” አለች፣ ከጠረጴዛው ማዶ።

ያን ጊዜ አልመለስኩላትም። ጣሳውን አስቀምጬ ወጣሁ።

አለቃችን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሰው ማስከፋት የማይወዱ ሰው ናቸው። ቢሯቸው በመስታወት የተከበበ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእህቴን ነገር ብቻ ተውኩት፣ በጨለማ መቀመጥ ፈርቼ ነበር አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን እያሽከረከሩ አዳመጡኝ። ከዚያ ምናልባት ነፍቼበት ረስቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሲደክመው ይረሳል አሉ። መውጫ እየሰጡኝ ነበር፤ በጎ ሰው ስለሆኑ አስቀየሙኝ። መጥተው ይዩ አልኳቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ መጀመሪያ ያነሱት ጣሳውን ነው። ክዳኑ እኮ ተነቅሏል አሉኝ። አፍሬ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ግን አልነፋሁም አልኳቸው። መብራቱን መንፊያው ላይ ያዝኩላቸው፤ አንድ ጊዜ ቢነፋ እንኳ ጠብታ ይቀርበት ነበር፤ ምንም አይበራም። ከዚያ መብራቱን ተቀበሉኝና ራሳቸው ብሌዱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“እዚህ እኮ ምንም የለም” አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበረበት።

ከፀሐይ የገባ ዓይን። እኔም እንዲህ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት፣ ያን ጊዜ። መብራቱን ከእጃቸው ወስጄ አጠፋሁትና እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። እንዳነጋገሬ ከሆነ ያዘዝኳቸው ሳይሆን አይቀርም። ወንበሩን በዳሰሳ አግኝተው ተቀመጡ፤ እኔ ቆምኩ።

በጨለማ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። የትንፋሻቸውን ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰዓታቸውን እሰማለሁ፣ ሩቅ አንድ ሰው መዶሻ ሲጥል እሰማለሁ። ከዚያ ድምፁ ሁሉ ራቀ። የምጠብቀው ጥያቄ መጣ፤ ሳላስበው “አለሁ” ብዬ መለስኩ መሰለኝ።

“ውጭ ያለችው ሴት ማን ናት?” አሉኝ አለቃችን በሹክሹክታ።

“ውጭ ያለው ብሎን ብቻ ነው።”

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እጃቸው በጨለማው ውስጥ ክንዴን ፈልጎ ያዘኝ፤ አምስቱ ደቂቃ እስኪያልቅ አልለቀቁኝም። መብራቱን ሳበራው መስመሩ እዚያው ነበር። አዩት። ጨርቁን ተቀብለው ራሳቸው ጠረጉት፤ ተመልሶ ሲመጣም አዩት።

“ስንት ናቸው?” አሉኝ።

መዝገቡን አብረን አገላበጥነው። በስድስቱ ሳምንታት ማህተሜ ያረፈው በሠላሳ አንድ ብሌድ ላይ ነው። ሃያ ሰባቱን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው መርምሯቸዋል፤ ይኸኛው ሲደመር ማንም ያልደገማቸው አራት ናቸው። ሁለቱ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። አንዱ ግን ሞተር ውስጥ ነበር፣ ሞተሩም የዚያን ሰዓት አየር ላይ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከመቶ ሰው በላይ ጭኖ ከተነሳ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። አለቃችን ስልኩን አነሱ። እያወሩ ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ምን እንደሚፈልጉ ገብቶኝ ማህተሜን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

አውሮፕላኑ ዞሮ እስኪያርፍ ሃንጋሩ በር ላይ ቆሜ ሰማይ ሰማይ ሳይ ቆየሁ። ብሎን አጠገቤ ቆመ። ሁሉን ሰምቷል፤ የሚያሾፍበት ነገር ፈልጎ አጣ። ጎማው መሬት ሲነካ ብሎን በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ። ብሌዱን ፈተው ወደ ድንኳኑ ሲያስገቡት እኔ አልገባሁም፤ የገባው ተረኛው መርማሪ ነው። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ሰዓቴን ይዤ አምስት ደቂቃ ቆጠርኩበት። ተቀምጧል፣ እግዜር ይስጠው። ቀለም ከመንፋቱ በፊት ወጣ። ፊቴን ማየት አልፈለገም፤ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ ለአለቃችን ርዝመቱን አሳያቸው። የዚያን የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስንት በረራ ይችል ነበር ብዬ ጠየቅኩ፤ አለቃችን ርዝመቱን መዝገቡ ላይ ጻፉ።

ቃሌን ልጽፍ ወደ ቢሮ ስሄድ በመንገደኞቹ አዳራሽ በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ለጥንቃቄ ነው የተመለስነው ከማለት በቀር የተነገራቸው ነገር የለም። ሰዉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል፤ ሕፃናት ወለሉ ላይ ይሯሯጣሉ። አንዲት አሮጊት የሥራ ልብሴን አይተው እጄን ያዙኝ። ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት እየሄዱ ነበር፤ ሰው ቆሞ እየጠበቃቸው ነው።

“እናንተ ናችሁ አይደል ይህን የምታዩት?” አሉኝ። “ሰው ከመነሳቱ በፊት አይመረመርም?”

አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

“ማየት ነበረብኝ፣ እናቴ። አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ።”

ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። አገጬን ቀና አድርገው አዩኝ።

“ኧረ ተይ ልጄ” አሉኝ። “ለሁለት ሰዓት መዘግየት እንዲህ ይለቀሳል?” ከዚያ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና መሀረባቸውን ሰጡኝ።