ወንፊቱ እንዳይደርቅ

ባሌን በቀበርን ማግስት ከለቅሶ ቤት ወጥቼ ወደ ሥራ ቦታችን ሄድኩ። አክስቴ በር ላይ ክንዴን ይዛ፣ "ሰው ምን ይላል? ገና ትናንት ቀብረሽው!" አለችኝ። ክንዴን አስለቅቄ አለፍኩ።

በማቅለሚያ ፋብሪካው እኔ ጨርቅ አጣፊ ነኝ። ባሌን ደግሞ "ወንፊት" ነበር የሚሉት፤ የሚጠብቀው መሣሪያ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ወንፊት ስለሆነ። ፍሳሹ በረጃጅም ቱቦዎች ሲገፋ ቀለሙ ይቀራል፣ ውሃው ያልፋል፤ ሁለቱም ተመልሰው ሥራ ላይ ይውላሉ። ወንፊቱ ሳይተከል በፊት ወንዙ እንደ ጨርቁ ነበር፤ ዛሬ ቀይ፣ ነገ ሰማያዊ። እኔ ያደግኩት በዚያ ውሃ ታጥቤ ነው።

ታዲያ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው፣ ወንፊት የሆነው ስስ ሽፋን ከደረቀ አለቀለት። ባሌ በእረፍት ቀኑ እንኳ ሄዶ ያጠጣው ነበር። "እሱን ብታገባ ይሻልህ ነበር" ስለው፣ "እሱስ አይጨቃጨቅም" ይለኝ ነበር።

ሽፋኑ ከደረቀ እንደሚያልቅለት ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። "ሥራ ያጓትታል" እያለ መሣሪያውን ሲያማርር ነው የኖረው። ስደርስ የወንፊቱን ውሃ ዘግቶ ቆልፎበታል፤ ወደ ወንዝ የሚወስደውን የድሮ ቧንቧ ሊያስከፍት መፍቻ አስቀርቧል።

"እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ለሐዘንሽ ክብር ስንል ነው ያቆምነው።"

"ሐዘኑ የእኔ ነው። ክፈትልኝ።"

"ሐዘንሽን ጨርሰሽ ስትመጪ እንነጋገራለን።"

"ያኔማ ሁለት ሬሳ ይኖረኛላ!"

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔም ባልዲ አነሳሁና ከግቢው ቧንቧ እየቀዳሁ በቱቦዎቹ አፍ ማፍሰስ ጀመርኩ።

አክስቴ ለቀስተኛውን አስከትላ ልትመልሰኝ ደረሰች። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። "ይውሰዷት እማማ፤ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል።"

አክስቴ ባልዲውን አየች፤ መፍቻውን አየች፤ ከዚያ እሱን። "በዚያ ቀለም አምስት ልጅ አጥቤያለሁ። አንተ የት ታጥበህ ነው ያደግኸው፣ ልጄ?" መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ለቀስተኛው ዞረች። "ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ባልዲ ፈልጉ!"

ለቅሶው እዚያው ሆነ። እያለቀሱ ቀዱ፤ ደክሟቸው ሲያርፉ ስለ ባሌ ቀልድ አወሩ፤ ተነስተው ደግሞ ቀዱ።

"ነገስ ማን ሊያጠጣው ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እኔ።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ቁልፉን እስክታወጣ ድረስ እኛ ከለቅሶ አንነሳም" አለችው አክስቴ፣ ባልዲዋን ሳታስቀምጥ።

አመሻሹ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን እግሬ ሥር ወርውሮልኝ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ለእሱ ያጎነበስኩ እንዳይመስለው ግን መጀመሪያ ጀርባዬን ሰጠሁት።