የአባባ ቤት እምብርት

ማካሪዮ ኩኩል አፉን ሲከፍት የፓሲዮን ወንዝ አዞዎች እንኳ ዋናቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። የጥንት ቅርስ አጥኚዎች ሊቆፍሩ መንደሩ በገቡበት ወራት ደግሞ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ «የማያዎች የመጀመሪያው ንጉሥ የተቀበረው እኔ ከምተኛበት ሥር ነው!»

እውነትም ከአባቱ የወረሰው ጎጆ የቆመው የጥንት ሰዎች በደለደሉት ከፍታ ላይ ነበር። የቁፋሮው ኃላፊ ዶክተር ሬጊና አንድ ጠዋት መጥታ «ዶን ማካሪዮ፣ ይፍቀዱልንና የቤቱን መሀል እንየው» ስትለው፣ ደረቱ ከበሩ በላይ ሰፍቶ መውጫ አጣ።

ታላቅ እህቱ ዶሚንጋ የበቆሎ ሊጥ በመዳፏ እያጠፈጠፈች ነበር።

«መሀሉን? አባባ ምግብ ቀብሮ ቤቱን ያበላበትን? ቤት ከተራበ ሰው እንደሚበላ ረሳኸው?»

«እትዬ፣ ንጉሡ ከተገኘኮ ፕሬዚዳንቱ ራሱ መጥቶ እዚች በርጩማ ላይ ይቀመጣል!»

«በርጩማዋ አንድ እግር የላትም።»

ተቆፈረ። ብዙም ሳይወርዱ በሳህን የተከደነ ሳህን ብቅ አለ። ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበርና የዶሮ አጥንት ታየ።

ማካሪዮ ወዲያው አወቀው፤ አባቱ ለቤቱ የቀበረው ምግብ ነበር። አባቱ ከቬራፓዝ ተራሮች ቤተሰቡን አስከትሎ በእግሩ የመጣ ሰው ነበር። ይህን ቤት ሠርቶ ያበላው ዕለት የአገራቸው የጭፈራ በገና ተደርድሮ፣ ጫካው እስኪንቀጠቀጥ ተጨፍሯል። ማካሪዮ ያኔ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ቢሆንም በየምሰሶው ሥር የፈሰሰውን የካካዎ መጠጥ መዓዛ አስታውሳለሁ ብሎ ይምላል። አሁንም ከጉድጓዱ የሸተተው መሰለው።

«ከሥሩ ቀይ ወለል አለ፤ በጣም የቆየ» አለች ዶክተር ሬጊና። «ለመውረድ ግን ሳህኖቹን ማንሳት አለብን።»

«አይነሱም! ንጉሥ የሚባል የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ንጉሥማ እኔም አልጠበቅሁም። ይህ ወለል ነገሥታት ከመኖራቸው በፊት የተሠራ ይመስለኛል። በየጫካው የተበተኑ ሰዎች እየመጡ አብረው ደለደሉት፣ አብረው በሉበት። መንግሥት የሚባለው ነገር የበቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ይተዉት፣ ከደጅ በኩል እንቆፍራለን።»

ማካሪዮ አካፋ ሳይነካ አፈሩን በገዛ እጁ መለሰው። የተነካ ቤት እንደገና መብላት አለበትና ዶሚንጋ የካካዎ ፍሬ ፈጭታ በቅል በጥብጣ በየምሰሶው ሥር ታንጠባጥብ ጀመር።

«እትዬ፣ አባባ ያን ቀን ጨፍሮ ነበር?»

«ጨፍሮ? የሰው ሁሉ እግር ረጋግጦ ጨረሰ እንጂ! እማማ ናት ጎትታ ያስወጣችው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በገናው ካቆመ በኋላም ደጅ ላይ ብቻውን ቀጠለ።» ቅሉን አቀበለችው። «በል ያችን ጥግ አንተ አብላት፤ እኔ እጄ ዛለ።»