መንገደኛ የወጣበት ቤት

እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ቤቷን ሌላ ሰው እንዲያጸዳላት ገንዘብ ትከፍላለች? ደጊቱ ይህን የጠየቀችኝ ባልዲውንና መወልወያውን የገዛን ዕለት ነው።

«እኔ ደብረ ታቦር ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ነኝ» አለች። «ሆቴል ሌላ ነው። እንግዳው ያቆሽሻል፣ ይሄዳል። እዚህ ግን ቤቷን ራሷ የማታጸዳ ሴት ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ?»

«ምን ትባላለች?»

«ተይው። ሕንድ የተማረ ጆሮ አይችለውም።»

ደጊቱ የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ በልጅነቴ አጎቴ ጋ ሐዋሳ ሄድኩ፤ ከዚያም ለትምህርት ሕንድ ተሻግሬ የንግድ አስተዳደር ዲግሪ ይዤ ተመለስኩ። እስቴን የማውቃት ለበዓል በመጣሁባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ሰሞን «እዚሁ እኖራለሁ» እላለሁ፤ ሌላ ሰሞን ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አየዋለሁ። የጽዳት ሥራው ሐሳብ የኔ ነው። ከትምህርት ያመጣሁት አይደለም። ከተማው ውስጥ ወለላቸው ሊሾ የሆነ አዳዲስ ቤቶች በዝተዋል፤ የክረምቱ ጭቃ ደግሞ ለሲሚንቶም ለአፈርም አያዳላም።

ክረምቱን ሙሉ ከቤት ቤት ዞርን። ሴቶቹ ደጎች ናቸው፤ ቁጭ በሉ፣ ቅመሱ ይሉናል። ሥራችንን ስንነግራቸው ግን ይስቃሉ። አንዷማ «እና እናንተ ስትጠርጉ እኔ እጄን አጣምሬ ላጨብጭብላችሁ?» አለችን። ደጊቱ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ «አጣምራ እንዴት ነው የምታጨበጭበው?» እያለች ስትስቅ ነበር።

እሺ ያሉን ወይዘሮ ሐረገ ወይን ብቻ ናቸው። እሳቸውም ወደው አይደለም። ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀው ቀኝ እጃቸውን ወጌሻ አስሮላቸዋል፤ የነሐሴ ተክለ ሃይማኖት ማኅበር ተራ ደግሞ እሳቸው ላይ ወድቋል። ባለ ፋርማሲዋ፣ ባለ ሆቴሏ፣ የመምህሩ ሚስት ስንዱ፣ ቤታቸው ሊሾ የሆነ ሴቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የዚያ ማኅበር አባላት ናቸው።

«ለሰው ግን የእህቴ ልጆች ናቸው ነው የምለው» አሉን።

«እትዬ ሐረግ፣ እንደሱ ካሉማ እኛ ምን ተረፈን?» አልኳቸው። «ቤቱ ካማረ ማን እንዳጸዳው ለማኅበርተኛው ይንገሩልን። ካላማረ የእህትዎ ልጆች ነን።»

ሳቁ። «ይቺስ ንግድ ተምራለች! በሉ እሺ። ካማረ በጻድቁ ዝክር ፊት እናገራለሁ።»

ያለን ነገር ይህ ቃል ብቻ ነበር። እነዚያ ሴቶች ከእትዬ ሐረግ አፍ ከሰሙ ነውሩ ይነሳል፤ ሥራው ይጀመራል። ካልሰሙ ደጊቱ ወደ ሆቴሏ ትመለሳለች። እኔም ወደ ሻንጣዬ።

በማኅበሩ ዋዜማ ጠዋት ስንደርስ ምንተስኖትን ቦርሳውን አዝሎ ደጅ ላይ አገኘነው። የእትዬ ሐረግ አንድ ልጃቸው ነው። የምንመጣበትን ቀን በስልክ የተቀጣጠርኩትም ከሱ ጋር ነበር። መተማ ያለ አጎቱ የሰሊጥ አራሚዎቹን የሚቆጣጠርለት ሰው ፈልጎ ጠርቶታል።

«ማታ ጎንደር እገባለሁ፤ እንደደረስኩ እደውላለሁ» አለ ለእናቱ።

«ትረሳለህ።»

«አልረሳም አልኩሽ!»

እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊሸኙት ወደ መናኸሪያ ተከተሉት። ከአጥሩ በር ላይ ዞር ብለው «እስክመለስ ጀምሩ» አሉን።

ጀመርን። ደጊቱ መጋረጃውን አወረደች፤ መስኮቱን ወለወለች፤ ከማዕዘኑ የሸረሪት ድር አራገፈች፤ ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥታ አጠበች። መጥረጊያውን ግን አልነካችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ልጁ ገና አሁን መውጣቱ ነው።»

«እና?»

«በመንገደኛ እግር ቤት አይጠረግም። ሐዋሳ ስትኖሪ ይህም ጠፋሽ?»

አልጠፋኝም። እናቴ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ሰው ሸኝተው ወዲያው ቤት ከጠረጉ መንገደኛው አይመለስም ይባላል።

«መቼ ነው ታዲያ የሚጠረገው?»

«ደረስኩ ብሎ ሲደውል።»

«ማታ ነዋ! ማኅበሩ ነገ ነው።»

«ማልደን እንመጣለን።»

«ይህ ጭቃ በአንድ ውኃ ይለቃል? ደጋግሞ መታጠብ አለበት። በዚህ ዝናብ ደግሞ መቼ ሊደርቅ ነው?»

«ሕንዶች ሰው ሲሸኙ በመጥረጊያ እየተከተሉ ነው?»

«ሕንዶችን ተያቸው።»

«አንቺ ተይ። መንገዱ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እኔ አልጠርግም፤ ሌላውን ሁሉ እዘዢኝ።»

የመንገዱ ነገር እውነት ነው። መኪናው ከእኩሌታው የሚመለስበት ቀን አለ፤ ስልክም የሚጠፋበት ሰሞን አለ። ያናደደኝም ይኸው ነው። መንገዱ ክፉ ከሆነ መጥረጊያው ምን አጠፋ?

መጥረጊያውን አነሳሁ። የምንተስኖት የጫማ ዱካ ከአልጋው እስከ ደጃፉ እርጥብ ጭቃ ሆኖ ተሰልፏል። ከአልጋው ጀመርኩ። የመጨረሻው ዱካ ደጃፉ ላይ ነበር፤ እሱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ደጊቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ መጋረጃ ትጨምቃለች። ማንም አልከለከለኝም። ጠረግሁት። ከዚያ ወለሉን በላርጎ ፈተግሁ፤ በረኪና ባለው ውኃ ደገምኩት፤ በንጹሕ ውኃ ሠለስኩት። በመጨረሻ የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ታየ።

እትዬ ሐረግ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ።

«ጠረጋችሁት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ደጊቱ አልነካችም።»

«ጀምሩ አልኩ እንጂ…» አሉና ተዉት። እንደገና ጀመሩ፤ «መስኮት አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ዕቃ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ነገ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው፣ እትዬ ሐረግ።»

«አምሯል» አሉ። «አምሯል፤ ምን ልበልሽ።»

ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የታሰረ እጃቸውን በደህናው ያዙ።

«አልቀየምኩሽም፣ ልጄ» አሉ በኋላ። «ደረስኩ ይበለኝ እንጂ ቃሌን እጠብቃለሁ። እሱ ሳይደውል ግን ይህን ቤት እነ እከሌ ጠረጉት ብሎ አፌ አይናገርም።»

ማታ አልደወለም። እሳቸው ቢደውሉም የሚመልስላቸው የማሽኗ ሴትዮ ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ዝክሩን ባርከው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ እኔና ደጊቱ ጠላ እንቀዳ ነበር። ሴቶቹ ወለሉን ሲያዩ ሳይነገራቸው ጫማቸውን ደጅ አውልቀዋል። የባለ ሆቴሏ ዐይን ከማዕዘን ማዕዘን ይዞራል።

«እንዴ ሐረግ!» አለች ባለ ፋርማሲዋ። «በዚህ በተሰበረ እጅሽ ነው ይህን ያጠብሽው?»

«መልአክ ተልኮላት ነው» አለች ስንዱ። «ለኔም ይላክልኝ፤ አድራሻዬን ስጪው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እትዬ ሐረግ ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዐይናቸውን ጉልበታቸው ላይ ወዳለው ስልክ መለሱ።

«እሱ ያውቃል» አሉ። «በሉ ጠጡ እንጂ፣ ጠላው ቆመ።»

ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ገብሱ ዞረ። ደጊቱ አጠገቤ መጥታ ክርኔን ነካችኝ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለች በሹክሹክታ። «መተማ በረሃ ነው። ምንም አልሆነም።»

ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሷ ስትለው ጊዜ ግን ማመን አቃተኝ። ማንቆርቆሪያውን ሰጥቻት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ስልኬ ላይ ኔትወርክ አለ። ቁጥሩን አውጥቼ ጻፍኩ፦

«ምንተስኖት፣ ማስተዋል ነኝ፤ ቤቱን ያጸዳሁት። እናትህ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደረስኩ ብቻ በላቸው።»

ላክሁት። መልስ አልመጣም፤ ለኔም ለእናቱም፣ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።