ሰባተኛ ፎቅ የማይቆመው አሳንሰር

ዶሮ ተሸክማችሁ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በእግር ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ታዲያ በምን አፋችሁ ነው ሲንጋፖርን "ዕድል የሠራት ደሴት" የምትሏት?

በቀደም የልጄ የሥራ ባልደረባ የሆነ አንድ እንግዳ በመስኮቴ ወደ ወደቡ እያየ "መቼም ዕድለኞች ናችሁ" አለኝ። ሻዩን በቅጡ ሳይጨርስ ነው የሄደው። ዕድል! ውኃዋን ከጎረቤት አገር በቧንቧ የምትቀዳ፣ ኮረብታዋን ንዳ ባሕሯን የሞላች፣ ቢቆፍሯት ከጭቃ በቀር የማይወጣት አገር ዕድሏ የቱ ጋ ነው? ዕድሏን እኔ አውቃቸዋለሁ። አክስቴ ሐስናህ ይባላሉ፤ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ሰባተኛው ላይ ይኖራሉ።

ያኔ፣ ሁላችንም ረግረግ መሬት ላይ ባለ መንደር ስንኖር፣ እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት ወጣት መምህር ነበርኩ። ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ነበር የሚመጡት። አንድ ቀን የመንግሥት ሰዎች መጥተው "መንደሩ ይፈርሳል፤ ፎቅ ቤት ይሰጣችኋል" ሲሉ ሁሉም እምቢ አለ። አሳማ አርቢው ቲያም ሆክ ደግሞ የአሳማ መኖ ማማሰያውን ይዞ እስከ መንገዱ አባረራቸው።

መጀመሪያ እሺ ያሉት አክስቴ ሐስናህ ናቸው። ባላቸው በሞቱ በሁለተኛው ዓመት አራት ልጆቻቸውንና ስድስት ዶሮዎቻቸውን ይዘው፣ አሳንሰሩ ገና ሥራ ስላልጀመረ በእግር ወጥተው ሰባተኛ ፎቅ ገቡ። ዶሮዎቹን መታጠቢያ ቤት አኖሯቸው። አውራው ጎህ ሲቀድ መጮኹን አልተወም፤ አንድ ተቆጣጣሪ ሊከሳቸው መጣ።

"እናቴ፣ ፎቅ ላይ ዶሮ አይፈቀድም።"

"ስንተኛው ላይ ነው የሚፈቀደው? ወደዚያ ቀይሩኝ።"

ሰውየው እየሳቀ ወረደ። እሳቸው ግን ሕግ ሕግ ነው ብለው በሳምንቱ ዶሮዎቹን አርደው ጎረቤቱን ሁሉ አበሉ። ከዚያም ወደ መንደሩ ተመልሰው በየቤቱ እየዞሩ ሰዉን አሳመኑ። ከቲያም ሆክ ጋር ከአሳማዎቹ በረት ወደ ቤታቸው በሚፈሰው ቆሻሻ የተነሳ ለዓመታት ሲሰዳደቡ የኖሩ ናቸው፤ እሱንም አሳመኑት። በማግሥቱ ሬዲዮ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ገብተው በማጉያ መነጽር ሽቦ ሲበይዱ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። አንዷ ልጃቸው ዛሬ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት። ይህችን ከተማ የሠራው ይህ ነው። ዕድል የሚባለው ሰውዬ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

ሕንፃችን የተሠራው ቤት ለሌለው ሕዝብ በጥድፊያና በቁጠባ ስለነበረ አሳንሰሩ የሚቆመው ምድር ቤት፣ አምስተኛና ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ለሠላሳ ዓመት ማንም አላማረረም። አክስቴ ሐስናህ ግን ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አይራመዱም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ኩላሊታቸውን ለማሳጠብ መውረድ አለባቸው። አራት ሽማግሌዎች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን ሁለት ፎቅ እናወርዳቸዋለን። ከአራታችን የሁለታችን ጉልበት በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ነው።

"ቀስ በሉ እንጂ!" ይሉናል ከላይ ሆነው። "ሙሽራ ነው የተሸከማችሁት፣ ሩዝ አይደለም!"

ሐኪሟ ልጃቸው ኖራይኒ ግን አትስቅም። "መምህር፣" አለችኝ ባለፈው ወር፣ "አንድ ቀን አንዳችሁ ስትወድቁ አራታችሁንም እኔ ነኝ የምሰፋችሁ። አሳንሰሩ ካልተሠራ እማን የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቸዋለሁ።"

በየፎቁ የሚቆም አዲስ አሳንሰር እንዲሠራልን ድምፅ እንድንሰጥ ተጠየቅን። መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ ሰማንያ አራት "ይሁን" ካለ ይሠራል። ውጤቱ ሲለጠፍ ሰማንያ ሦስት ነበር።

በቀጥታ ምድር ቤት ወዳለው ሻይ ቤት ወረድኩ። ቲያም ሆክ እንደ አገራችን ልማድ የሶፍት ጥቅል አስቀምጦ ጠረጴዛ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ሶፍቱን ወዲያ ገፍቼ ተቀመጥኩ።

"አንተ ነህ አይደል?"

"ምኑ?"

"'አይሆንም' ያልከው! አምስተኛ ፎቅ አሳንሰሩ በርህ ላይ ይቆምልሃል፤ ሌላው ገደል ይግባ!"

"ጡረታ ወጥተህም ጣት መቀሰር አልተውክም፣ መምህር። አዎ፣ 'አይሆንም' ብያለሁ። ከተቀመጥክ አይቀር ሻይ እዘዝ።"

"አታፍርም?"

"ሥዕሉን አይተኸዋል? አዲሱ አሳንሰር የሚቆመው በእኔ መስኮት ፊት ነው። ባለቤቴ ቡን ኒዮ አልጋ ከያዘች ሦስት ዓመቷ። ከዚያ መስኮት በቀር የምታየው የላትም። ግንብ ላሳያት?"

"ከጭቃ ያወጡህ ሐስናህ ናቸው! አሳማዎችህ እንኳ ካንተ የተሻለ ውለታ ያውቁ ነበር!"

ቲያም ሆክ ብርጭቆውን አስቀመጠና ተነሳ።

"አሳማዎቼን ተዋቸው" አለ። "ደጎች ነበሩ።"

እኔም እየነደድኩ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ወጣሁ። አክስቴ ሐስናህ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ ከነሙዝ ቅጠሉ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይበላሉ።

"አንድ ድምፅ!" አልኩ ገና ከበሩ። "አንዲት ድምፅ ትጉደል?"

"ድምፅህ እዚህ ድረስ ተሰምቷል፤ ተቀመጥ" አሉኝ። "የጎደለችዋ የእኔ ናት።"

"ምን አሉ?"

"'አይሆንም' አልኩ። ምነው፣ እኔ ድምፅ የለኝም?"

ተቀመጥኩ።

"ያኔ ቲያም ሆክ እንዴት እሺ እንዳለ ታውቃለህ?" አሉ ጣታቸውን እየጠረጉ። "'እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብቼ ሰማይ አያለሁ ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ መጣሁ፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። ቆሜ አየሁለት። 'ፊትህ ላይ ምንም አይቆምም' አልኩት። በዚያች ቃል ነው አሳማዎቹን ሸጦ የመጣው። አሁን ራሴ ግንብ ላቁምበት?"

"አክስቴ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገቡዎት ነው እኮ!"

"እገባለኋ። ቤት ስለቅ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ? ይልቅ ሩዝ ብላ፤ ስትናደድ ትከሳለህ።"

አልበላሁም። በክርክር ተሸንፌ የወጣሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ወርጄ ቲያም ሆክን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አሳማዎቹንም ጭምር። ከዚያ የአሳንሰሩን ሥዕል ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነቅዬ ሕንፃውን ዞርኩ። በምዕራብ በኩል፣ የየፎቁ መተላለፊያ የሚያልቅበት ጫፍ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ አንድም መስኮት የሌለው ባዶ ግድግዳ ቆሟል። የማንንም ሰማይ አይጋርድም። የሰባተኛውን ፎቅ መተላለፊያ ብቻ ይነካል ብል እዋሻለሁ፤ የዐሥራ ሁለቱንም ፎቅ ይነካል! ሥዕሉ ላይ ግን ያ ግድግዳ ቀጭን መስመር ነው፤ ማንም አልነካውም። እኛንም የጠየቀን የለም። "ይሁን ወይስ አይሁን?" ተባልን እንጂ "የት ይሁን?" አልተባልንም።

አገሬን የምወዳት በዚህ ነው፤ የምቆጣትም በዚህ ነው። እነዚያ ቲያም ሆክ ያባረራቸው የመንግሥት ሰዎች በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። አንደኛው ጫማውን አውልቆ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሽማግሌው የት እንደሚቀበር፣ የጠየቅነውን ሁሉ ሳይታክት እስኪመሽ መለሰልን። ረግረጉ ከተማ የሆነው የሚጠይቅ ሰውና የሚመልስ ሰው ስለነበረ ነው። አክስቴ ሐስናህ ደግሞ ድርሻቸውን ከፍለዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፦ አንዴ ቤታቸውን ለቀው፣ አንዴ ቃላቸውን ጠብቀው። ዳግመኛ ቤታቸውን እንዲለቁ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም፤ ያልታሰበበት ሥዕል ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በየፎቁ ለጥፌዋለሁ፤ ለባለሥዕሉ መሐንዲስም በስማቸው ልኬላቸዋለሁ። ክቡር መሐንዲስ፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከሕንፃችን ሥር ባለው ክፍት ወለል እንሰበሰባለን። አክስቴ ሐስናህን ተሸክመን እናወርዳለን፤ ቲያም ሆክም ይመጣል። በደብዳቤ አይመልሱልኝ፤ ደብዳቤ አልቀበልም። ይምጡና በሁላችንም ፊት ቆመው፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ይናገሩ፦ ያንን ባዶ ግድግዳ ለምን አላዩትም?