ሃያ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ

ኑርሁሴን እሑድ ማለዳ ብስክሌቱን ከብየዳ ቤቱ ሲያወጣ ኢቲሳምን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። የራስ መከላከያ ቆቧን ከሻሿ በላይ ደፍታ፣ አንድ እግሯን ፔዳል ላይ አሳርፋ ትጠብቀው ነበር።

"ዛሬ መንገዱ ደስ አይልም፣ ጋሼ" አለችው። "ትናንት ከውጫሌ በኩል ሲጎርፍ የዋለውን ሰው አላዩም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? እስከ ዋርካው ወጥቶ መመለስ ነው። እስከ እሑድ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

ኢቲሳም በእርግጥ ብላ ነበር።

ኑርሁሴን የሐይቅ ብስክሌት ክበብን ያቋቋመው በ2010፣ ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ነው። ያኔ ማኅበር ለመመሥረት አንድ ማመልከቻና የአንድ ሳምንት ምልልስ ይበቃ ነበር፤ ማኅተሙም እንደ ልብ ይመታ ነበር። በወጣትነቱ ወሎን ወክሎ ስለተወዳደረ አሠልጣኝም ጠጋኝም ሊቀ መንበርም እሱ ሆነ። አባላቱ ሲበዙና ፈጣኑ ዘገምተኛውን ጥሎ መሄድ ሲጀምር ሦስት ደረጃ አወጣ። ሕጉን በቀለም በቆርቆሮ ላይ ጽፎ ከብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፦ "አንደኛ አይጠብቅም። ሁለተኛ አይበታተንም። ሦስተኛ ሰው ጥሎ አይሄድም።"

ደረጃውን የሚወስነው ከሱሉላ ወዲያ ያለው ዳገት ነው። ከድልድዩ እስከ ዋርካው ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሃያ አምስት ደቂቃ በታች የወጣ አንደኛ፣ ከሠላሳ በታች የወጣ ሁለተኛ፣ ሌላው ሁሉ ሦስተኛ። ሰዓት የምትይዘውና የምትመዘግበው ኢቲሳም ናት። ጅዳ በሰው ቤት አምስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ መጀመሪያ የገዛችው ብስክሌት ነበር። ገበያተኛው "ሴት ልጅ በሳይክል!" እያለ ሲስቅባት፣ "አምስት ዓመት የሰው ሰዓት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ አሁን የራሴን ልጠብቅ" ትል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በዓመታዊው ፈተና፣ ኑርሁሴን ዳገቱን በሃያ ሰባት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ወጣ። ኢቲሳም ራሷ ከእሱ አንድ ደቂቃ ቀድማ ደርሳ ነበር። ስልኳን አሳየችው። እሱም ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ብስክሌቱ እያየ፣ "ካቴናው ሲዘል ነው የመጣው። ሃያ ሦስት ከአርባ ብለሽ ጻፊው፤ የነበረኝ ሰዓት ነው። እደግመዋለሁ" አላት።

"ያልነዱትን እንዴት ልጻፍ?"

እዚህ ላይ የባጃጅ ሾፌሩ ማህዲ ጣልቃ ገባ። ከክበቡ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ብስክሌት መንዳት ያስተማረው ኑርሁሴን ነው። "ጻፊው እንጂ፣ ኢቲ! አባታችንን ሁለተኛ ብለን ልንጽፈው ነው እንዴ? ነውር አይደለም?" አላት። የቆሙት ሁሉ "ነውር ነው፣ ነውር ነው" አሉ። ኢቲሳም ጻፈች። ሲበተኑ ግን ኑርሁሴንን ለብቻው ጠብቃ፣ "እስከ ነሐሴ ሁለተኛው እሑድ ካልደገሙት እሰርዘዋለሁ" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ኑርሁሴን አንድ ቦታ ተረጋግቶ መቀመጥ አቃተው። የመስኮት ብረት ሲበይድ ድንገት ትቶ ይነሣል፤ ጎማውን ይነፋል፤ ያስተነፍሰዋል፤ መልሶ ይነፋዋል። በየቀኑ ከፈጅር ሶላት በኋላ በሐይቁ ዳር ብቻውን ይነዳና ጉልበቱን እያሻሸ ይመለሳል። ከተማው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ያወራል፤ መርሳ ተያዘች፣ አልተያዘችም ይባላል፤ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ ወደ ደሴ ያልፋል። እሱም ሲያወሩት አንገቱን ይነቀንቃል፤ የሚያስበው ግን ስለ ሦስት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ነው። ያፍርበት ነበር፤ ቢሆንም ያስባል።

ያን ማለዳ ማህዲም ተቀላቀላቸውና ሦስቱ ወጡ። ሌሎቹ አባላት መንገዱን ፈርተው ቀርተዋል። ሌሊት ሲዘንብ ያደረበት አስፋልት ይጨሳል። ከፊት ለፊት ሰዎች ይመጣሉ፤ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለች፣ የስፌት መኪና በራሱ ላይ የተሸከመ። አንዲት አሮጊት ቆም ብለው፣ "ልጆቼ፣ ወዴት ነው? ሰው ወዲህ፣ እናንተ ወዲያ?" አሏቸው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው አለፏቸው።

ድልድዩ ጋ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ኬላ ቆሟል። በአሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ተደርድረው፣ በመንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። የሐይቅ ሚሊሺያዎች ወደ ግንባር ስላለፉ ኬላውን የያዙት ከሳይንት በኩል የመጡ ናቸው፤ ማንንም አያውቁም። አለቃቸው ጥሩሰው የሚባል ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። መታወቂያቸውን አየ። ከኑርሁሴን ኮርቻ ሥር የተንጠለጠለችውን የመፍቻ ቦርሳ አስፈታ። ከትርፍ የጎማ ካላማዳሪያውና ከመፍቻው መሐል የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

"ከድልድይ እስከ ዋርካ ሰባት ኪሎ ሜትር" ብሎ አነበበ። "ደረጃ አንድ፣ ኑርሁሴን፣ ሃያ ሦስት ከአርባ። ማህዲ፣ ሃያ አንድ ከዐሥር። ደረጃ ሁለት..." ቀና አለ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የክበባችን የብቃት ደረጃ ነው" አለ ኑርሁሴን። "ማን ከማን ጋር እንደሚነዳ የሚለይበት።"

"ድልድይ ለክታችኋል፤ ዳገት ለክታችኋል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጽፋችኋል፤ የሰዎቻችሁንም ስም በደረጃ አስቀምጣችኋል። በዚህ ሰዓት! ለማን ነው?"

"ለራሳችን ነው። የክበቡ ደብዳቤ አለኝ፤ ማኅተም አለው።"

ጥሩሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ ቀኑን አየ። "2010። ያኔ ደብዳቤ ያልነበረው ማን አለ?"

"ወንድሜ፣ ስፖርት እኮ ነው" አለ ማህዲ ለመሣቅ እየሞከረ። "ሰላይ በጠባብ ቁምጣ ይመጣል?"

"ዝም በል፤ አንተን አልጠየቅሁም።" ጥሩሰው ወረቀቱን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። ማመንም መጠርጠርም የሰለቸው ይመስል ነበር። "እሺ። የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው አይደል? በዚህ ሰዓት እወጣለሁ ብለህ ጽፈሃል። ውጣዋ። ሙላት በሞተር ይከተልሃል። ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ። ካልገጠመ፣ ሦስታችሁም እስኪጣራ ወደ ደሴ።"

"እኔ ልንዳው!" አለ ማህዲ። "ፈጣኑ እኔ ነኝ።"

"የመጀመሪያው ስም ነው ያልኩት።"

ኢቲሳም ወደ ኑርሁሴን አየች። እሱ ወደ ዳገቱ አየ። ያኔ መናገር ይችል ነበር፤ ያቺ መስመር ውሸት ናት፣ ሌላውን ፈትኑ ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን አንዷ መስመር ውሸት ከሆነች ሌላዋን ማን ያምናል? "ቢስሚላህ" ብሎ ኮርቻው ላይ ወጣ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች መልካም ሄደ። እንዲያውም ለአንድ አፍታ ሰዓቱ የእውነት የእሱ መሰለው። የድንጋይ ካባው ጋ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማርሹን አወረደ፤ ትንፋሹ ጉሮሮው ላይ መቧጠጥ ጀመረ። ከኋላው የሙላት ሞተር ሳይቀርብም ሳይርቅም ያጉረመርማል። የሚወርዱት ስደተኞች ዳር ይዘው ያዩታል፤ የሚሊሺያ ሞተር የሚያሳድደው ሰው ነው የሚመስለው። አንዱ "አይዞህ፣ አምልጥ!" ብሎ ጮኸለት። ጉልበቱ ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ ያለ ያህል ነበር። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ብስክሌቱን ግራ ቀኝ እየወዘወዘ ወጣውና ዋርካው ሥር ሲደርስ መሪው ላይ ተደፋ።

ሙላት ሞተሩን አጠፋ። ሃያ ዓመት የዘለለው አይመስልም፤ ጠመንጃው ግን አሮጌ ነው። ስልኩን አየ።

"ስንት ነው?" አለ ኑርሁሴን።

"ሃያ ሰባት ከሃምሳ። አባቴ፣ ወረቀቱ ስንት ነበር የሚለው?"

"ሃያ ሦስት ከአርባ።"

"በሱ ሰዓት ነድተውት ያውቃሉ?"

"የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።"

"ታዲያ ማን ጻፈው?"

"እኔ አስጻፍኩት። ሁለተኛ መባል አፍሬ።"

ሙላት መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሞተሩን ተደግፎ ሣቀ፤ እንባው እስኪመጣ። "ለአራት ደቂቃ! የእኔ አባት በጉልበቱ ዕድሜውን ይክዳል፤ እርስዎ በወረቀት!" ከዚያ ሣቁን ድንገት አቆመ። "ጥሩሰው ክፉ ሰው አይደለም። ግን እስኪጣራ ካለ አለ ነው። ማክሰኞ የላካቸው እስካሁን አልተመለሱም።" ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ሰዓቱን አጠፋው። "ገጠመ እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

ኑርሁሴን አይሆንም ሊል አፉን ከፈተ። ታች ኬላው ላይ የቀሩት ኢቲሳምና ማህዲ ታወሱት። አፉን ዘጋ።

ኬላው ሲደርሱ ሙላት ሳይጠየቅ፣ "ሃያ ሦስት ከሠላሳ አምስት!" አለ ጮክ ብሎ። አምስት ሰከንድ ከራሱ መርቆለታል። ማህዲ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። "አላልኩም? አላልኩም! ጋሼ ኑሬ እኮ ነው!"

ጥሩሰው ኑርሁሴንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ቀይ ዓይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ አለ። "በዚህ ዕድሜ! እነዚህ ልጆች ይሄን ዳገት በእግር ውጡ ሲባሉ ያለቅሳሉ" አለና ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከኑርሁሴን ስም ፊት ለፊት በትልልቁ "ተረጋግጧል" ብሎ ጽፎ ፈረመበት። "በሌላ ኬላ እንዳያስቸግሯችሁ ነው። አሁን ደረጃ አንድ የምትሉት ቀድሞ ነው አይደል የሚሄደው? በሉ፣ ሂዱ፣ ልያችሁ።"

ማህዲ እንደ ተለቀቀ ፈረስ ተነሣ። ኑርሁሴን ተከተለው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከኬላው ወደ ሐይቅ ያለው መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጥሩሰው ከኋላ እጁን በወገቡ አድርጎ እያየ ነው። ማህዲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዞር በደስታ ይጋልባል። ኑርሁሴን ዓይኑ እየጨለመ ከኋላ ጎማው አልተላቀቀም። መታጠፊያውን አልፈው ኬላው ሲሰወር መውረድ አልቻለም፤ ከነብስክሌቱ የመንገዱ ዳር ሣር ላይ ወደቀና አስመለሰው።

ኢቲሳም ስትደርስ ተቀምጦ ነበር። የውኃ ዕቃዋን ሰጠችው።

"ሃያ ሰባት ከሃምሳ" አለችው።

ኑርሁሴን ቀና ብሎ አያት።

"የሞተሩ መብራት ዋርካው ሥር ሲቆም ከታች ይታያል። ሰዓቴን ይዤ ነበር። ጥሩሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ይጠጣ ነበር። ዞር ቢል ኖሮ እሱም ያየው ነበር።" ስልኳን ፊቱ ላይ ደቀነች። "ለአራት ደቂቃ፣ ጋሼ!"

"ሰርዢው" አላት። "አሁኑኑ ሰርዢው። ሁለተኛ ብለሽ ጻፊኝ። ሦስተኛም ካልሽ ጻፊ።"

ኢቲሳም ከኬላው የተቀበለችውን ወረቀት ዘርግታ ፊርማውን አየችው። "እንዴት አድርጌ? የሚቀጥለው ኬላ፣ ተረጋግጧል የተባለ ለምን ተሰረዘ ቢለን ምን እንላለን?"

"ቅደጂዋ።"

"መንግሥት የፈረመበትን?" አጥፋ ደረቷ ላይ ወሸቀችው። "ጦርነቱ እስኪያልቅ አንደኛ ነዎት። ምን ይደረግ። ይነሡ፣ ከኋላዬ ይሁኑ፤ ነፋሱን እከላከልልዎታለሁ።"

ከሐይቅ በኩል ወታደር የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ሰሜን አለፈ፤ እሱ እስኪያልፍ ስደተኛው ከአስፋልቱ ወርዶ እንደገና ወጣ። ኑርሁሴን ተነሣ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ኮርቻው ላይ ወጣ። ማህዲ ከሩቅ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ወደ እነሱ እያየ ቆሟል። በሌላ ቀን ቢሆን ኑርሁሴን "አንደኛ አይጠብቅም!" ብሎ ይጮህበት ነበር። ዛሬ ግን አንገቱን ደፋ፤ ከኢቲሳም የኋላ ጎማ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ በእሷ ፍጥነት ነዳ።