የእትዬ ለፍላፊ ድምፅ

አሮጊቷ ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመቷ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ የአሻንጉሊቶች ማሳያ ያለውን ካርድ አንብባ እስክትጨርስ ጣቷ በመስታወት ሣጥኑ ላይ እንደ ጉንዳን ቀስ እያለ ተጓዘ።

«እትዬ ለፍላፊ። በክር የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት። አጫዋችና ድምፅ» ይልና የሟች ባሏን ስም ይጠራል።

ደግማ አነበበችው። አልተሳሳተችም።

ክሩን የሚጎትተው ባሏ ነበር፤ እውነት ነው። ድምፁ ግን የእሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካ ለፍልፋለች። «ከኋላ ሰው እንዳለ ከታወቀ አሻንጉሊቷ ሞተች ማለት ነው» ይል ስለነበር ባሏ፣ ለልጃቸው እንኳ አልተነገራትም። እሱ ሲሞት አሻንጉሊቶቹን፣ የድሮ ትኬቱን፣ የግድግዳ ማስታወቂያውን ሁሉ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረከበች። ያን ዕለት «ድምፁስ የማን ነው?» ሲሏት አፏ ቀደማትና «የሱ» አለች። ልማድ ነው። በጣቷም ፈረመች።

አሁን ስብስቡን ወደሚጠብቀው ሠራተኛ ጠረጴዛ ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ይቺ ካርድ ተሳስታለች።»

«የቱ ጋ ነው እማማ?»

«ለፍላፊዋ እኔ ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው። ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። «ማረሚያ አለን። ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ያኔ ድምፅዎን የሰማ ሰው።»

ከበሮ መቺውም ትኬት ቆራጩም አፈር ከተጫናቸው ቆይቷል። የቀረችው ልጇ ናት፤ ያኔ ከፊት ወንበር ተቀምጣ በሳቅ የምትንፈራፈረው፣ አሁን ሩቅ አገር ያለችው። ደወለችላት።

«እማ፣ ደህና ነሽ? ሥራ ላይ ነኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«አንቺ ጉደኛ! ጆሮሽን ትታጠቢያለሽ ወይስ መጥቼ ላጥብልሽ?»

ያ የእትዬ ለፍላፊ ቀጭን ድምፅ መሀል ላይ ተሰነጠቀና ሻካራው ብቻ ቀረ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እማ… ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ምን እያልሽ ነው?»

ንገሪያት፣ ንገሪያት አላት ልቧ። ግን ነግረውት የሚያውቅ ሰው ምኑን ምስክር ይሆናል?

«አዎ፣ ትንሽ ይዞኛል።»

«ትኩስ ነገር ጠጪ፣ እሺ? ማታ ካልደከመኝ እደውላለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራተኛው ወረቀት የሚያገላብጥ መስሎ ቆየ። «ያለ ምስክር ካርዱ አይቀየርም፣ እማማ» አለ በመጨረሻ። «ቅጹ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ።»

«ይቀመጥ።»

እስክሪብቶውን ጨብጣ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ «ድምፅ» በሚለው መስመር ላይ ስሟን ጻፈች። አንዷ ፊደል ከመስመሩ ወጣችባት። የምስክሩን ቦታ ባዶ ተወችው።

ቅጹን ፋይሉ ውስጥ ከትቶ መሳቢያውን ዘጋ። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«የለም» አለች፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።